«ኦፕን ሶርስ አይሸጥም» እና ሌሎች ስህተቶች

ኦፕን ሶርስ ማለት ማንም ሶርስ ኮዱን (ፕሮግራመሮች የጻፉትን የፕሮግራሙን ጽሑፍ) አይቶ እንዲጠቀምበት፣ እንዲያሻሽለውና እንዲያሠራጨው ፈቃድ የተሰጠበት ሶፍትዌር ነው። ፈቃዱን ግን ፕሮግራመሮችም ጭምር ይሳሳቱበታል። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«ነፃ ከሆነ አይሸጥም»

እዚህ ላይ አማርኛችን ያግዘናል። «ነፃ ሰው» እና «በነፃ የሚሠራ ሰው» አንድ አይደሉም። ኦፕን ሶርስ ነፃ የሚባለው በመጀመሪያው ትርጉም ነው። የነፃ ሶፍትዌር ንቅናቄ መሥራቹ ሪቻርድ ስቶልማን በ1985 ኢማክስ የተባለውን ፕሮግራሙን በቴፕ ቀድቶ በ150 ዶላር ይሸጥ ነበር። ጂፒኤል የተባለው ፈቃዱም መሸጥን አይከለክልም። በ2019 አይቢኤም ኮምፒውተርን በሚያሠራው ሊኑክስ በተባለ ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር ገቢውን የሚያገኘውን ሬድ ሃት የተባለ ኩባንያ በ34 ቢሊዮን ዶላር ጠቅልሎ ገዛ። ደንበኛ የሚከፍለው ለጥገና፣ ለደኅንነት ማሻሻያና ሲቸግረው ስልክ ለሚያነሳለት ሰው ነው።

«ባለቤት የለውም፣ ያገኘ ይውሰደው»

ይሄኛው ፍርድ ቤት ያስቆማል። አሜሪካ ውስጥ አስቁሟልም። ክሱ ሞዴል ባቡሮችን በኮምፒውተር ስለሚቆጣጠር ሶፍትዌር ነበር፤ አዎ፣ የባቡር መጫወቻ! አንድ ድርጅት ፋይሎቹን ወስዶ የሠሪዎቹን ስም ሳይጠቅስ ምርቱ ውስጥ ከተታቸው። የታችኛው ፍርድ ቤት ጉዳዩን እንደ ተራ የውል ጥሰት አየው። በ2008 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ይህን ሻረ። የፈቃዱን ቅድመ ሁኔታ መጣስ የቅጂ መብት ጥሰት ሊሆን ይችላል አለ። ገንዘብ ስላልተከፈለ ብቻ ኢኮኖሚያዊ ጥቅም የለም ማለት እንደማይቻልም ጨመረ።

ለእኔ ዋናው ነገር ይሄ ነው። ፈቃዱ ጉልበት ያገኘው ባለቤት ስላለው ነው። ዋጋው ብር ሳይሆን ስም መጥቀስ፣ ወይም ያሻሻሉትን መልሶ ማካፈል ሆነ እንጂ ግብይት ነው።

«የነፃ ገበያ ጠላት ነው»

የማይክሮሶፍት አለቃ የነበረው ስቲቭ ቦልመር በ2001 ሊኑክስን «ካንሰር» ብሎት ነበር። ማይክሮሶፍት ግን በ2018 የኦፕን ሶርስ ኮድ መናኸሪያ የሆነውን ጊትሃብን በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ኮዱ ክፍት ሲሆን ሻጭ ደንበኛውን አስሮ ማቆየት ይከብደዋል። የእኛው ፋይዳ መታወቂያ ሕንድ ውስጥ በተጀመረው ሞሲፕ በተባለ ኦፕን ሶርስ ላይ ነው የተሠራው። የሚሠራው ድርጅት ካላስደሰተ ሌላ መቅጠር ይቻላል። ሥራውን የሚችል ባለሙያ ከተገኘ ማለቴ ነው፤ እሱን ፈቃዱ አያመጣም።

«አንዴ ከነካኸው ያንተም ኮድ ይከፈታል»

ኤምአይቲና አፓቺ የሚባሉት ፈቃዶች ይህን አይጠይቁም። ጂፒኤል ይጠይቃል፤ እሱም ኮዱን የያዘውን ፕሮግራም ለሌላ ስትሰጥ ነው። ቢሮህ ውስጥ ብቻ ብትጠቀምበት የሚጠይቅህ የለም። ኤጂፒኤል የሚባለው ዘመዱ ግን ኮዱን ቀይረው በኢንተርኔት አገልግሎት የሚሰጡትንም ይይዛል።