የብስክሌት ጎማ፦ አወላለቁ፣ አገጣጠሙና ቤት ውስጥ የሚፈጠሩ ስህተቶች

ባህር ዳርና ሐዋሳ ሲነሱ ብስክሌት አብሮ ይነሳል። መንገዱ ሜዳ ነው፤ ተማሪውም ሠራተኛውም ፔዳል ይረግጣል። አዲስ አበባም በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር እያገኘች ነው። ብስክሌት በበዛበት ሁሉ ደግሞ የተነፈሰ ጎማ ይበዛል። ብዙ ሰው ጎሚስታ ጋ ይሄዳል፤ ቤቱ ውስጥ ራሱ የሚሞክረውም ጥቂት አይደለም። ሥራው ከባድ ሆኖ አይደለም የሚበላሸው። ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ጥድፊያ ነው።

ጎሚስታ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ካቻቢቴ፣ ዳዶም እንደዚሁ። ከመነዳሪ የምንለው የውስጡ ጎማም ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው።

በአየር የሚሞላ ጎማን መጀመሪያ ያስመዘገበው ሮበርት ቶምሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ ነው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1845 ነበር። ያኔ ግን ፈላጊ አላገኘም። ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ቤልፋስት ይኖር የነበረው የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ ለልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት ተመሳሳይ ጎማ ሠራና በ1888 አስመዘገበ። የመጀመሪያዎቹ ጎማዎች ቸርኬው ላይ የተጣበቁ ስለነበሩ መጠገን አሳር ነበር። የሚሸሊን ወንድማማቾች ተነቃይ ጎማ ይዘው የመጡት በ1891 ነው። በዚያው ዓመት ሻርል ቴሮን ከፓሪስ ብረስት ደርሶ መልስ የተደረገውን ውድድር በዚሁ ጎማ አሸነፈ። ዛሬ እኛ ግቢ ውስጥ ተቀምጠን ጎማ የምናወልቀው ከዚያ በመጣው ሐሳብ ነው።

ጎማ ከመግዛት በፊት ቁጥር ማንበብ ያስፈልጋል። ስህተቱ እዚህ ይጀምራል። "26 ስጠኝ" ብሎ ገዝቶ ቤት ሲደርስ አልገባ የሚለው ብዙ ነው። በኢንች 26 የሚባሉ ጎማዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። የተራራ ብስክሌት 26 ጎማ የሚቀመጥበት የቸርኬ ዲያሜትር 559 ሚሊሜትር ነው። 26 በ1 ከ3/8 የሚባለው ግን 590 ነው። ሁለቱ በምንም ተአምር አይለዋወጡም። 700ሲ እና 29 የሚባሉት ደግሞ ስማቸው ቢለያይም ሁለቱም 622 ናቸው። ስለዚህ የጎማው ጎን ላይ እንደ "37-622" ያለ ጽሑፍ ፈልጉ። የመጀመሪያው ስፋቱ ነው፣ ሁለተኛው ዲያሜትሩ። ሁለተኛው ቁጥር ከአሮጌው ጎማችሁ ጋር አንድ ዓይነት ካልሆነ ገንዘብ አታውጡ።

ወደ ማውለቁ ስንመጣ፣ እኔ ልጅ ሆኜ ጎማ ያወለቅኩት በማንኪያ እጀታ ነበር። የማንኪያው ጫፍ በጎማውና በቸርኬው መካከል ገብቶ ከመነዳሪውን ነከሰው። አንድ ቀዳዳ ልጠግን ተቀምጬ በሁለት ቀዳዳ ተነሳሁ። በነጋታው መንገድ ዳር ዛፍ ሥር የሚሠሩ አንድ ጎሚስታ ጋ ወሰድኩት። ከመነዳሪውን ነፍተው ሳፋው ውስጥ አስገቡት፤ ከደፈረሰው ውኃ ውስጥ ደቃቅ አረፋ ተከታትሎ ወጣ።

"ይሄኛውን እሾህ ነው የበሳው" አሉኝ። "ይሄኛውን ግን አንተ ነህ። በምን አወለቅከው?"

"በማንኪያ፣ ጋሼ።"

"ቀዳዳ ብቻ አትድፈን፤ ምን እንደበሳው እወቅ።"

ያን ቀን ያሳዩኝን ቀዳዳ የማንበብ ዘዴ እስከ ዛሬ እጠቀምበታለሁ። መንገዱን በሚነካው በኩል አንድ ቀዳዳ ካለ እሾህ፣ ሚስማር ወይም ብርጭቆ ነው። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ፣ እባብ የነደፈው የሚመስል፣ ካለ ጎማው ንፋስ አንሶት ጉድጓድ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ቸርኬውና መንገዱ ከመነዳሪውን እንደ መቀስ ጨምቀውታል። ቀዳዳው በውስጥ በኩል፣ ቸርኬውን በሚነካው ላይ ከሆነ፣ የሽቦዎቹ ጫፍ ወጥቷል ወይም እነሱን የሚሸፍነው የፕላስቲክ ጥብጣብ ተንሸራቷል። ቫልቩ ሥር ተቀዶ ከሆነ ጎማው በንፋስ ማነስ ቸርኬው ላይ ሲንሸራተት ቫልቩን ስቦታል። ይሄኛው መለጠፍም ብዙ አይቀበልም፤ መለወጥ ነው።

እሾሁን ለማግኘት ከመነዳሪውን ስታወጡ ቫልቩ የት እንደነበር ጎማው ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ቀዳዳውን ከቫልቩ በምን ያህል ርቀት እንዳለ አይታችሁ ጎማው ላይ ያንኑ ቦታ ትፈትሻላችሁ። በጣት ብቻ አትዳስሱ፤ ይወጋል። ጥጥ ወስዳችሁ የጎማውን ውስጥ ዙሪያውን ጥረጉ። የግራር እሾህ ስባሪ በዓይን ባይታይም ጥጡን ይይዘዋል። ይህን የዘለለ ሰው በማግስቱ ያንኑ ቦታ ይለጥፋል።

መለጠፉ ራሱ ትዕግሥት ነው። ቀዳዳው ዙሪያ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፣ ወዙ እስኪጠፋ። ማስቲሹ በስሱ፣ ከልጥፉ ትንሽ ሰፋ ብሎ ይቀባል። ከዚያ መጠበቅ ነው፤ 5 ደቂቃ ያህል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማስቲሽ እንደ ተራ ሙጫ እርጥብ እያለ የሚጣበቅ ይመስለዋል። ማስቲሹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሳይተን ልጥፉ ከተቀመጠ ከሥሩ ታምቆ ይቀራል፤ ንፋስ ሲሞላ ልጥፉ ከዳር ይነሳል። ሲነካ እጅ ላይ የማይቀር ሲሆን ነው ልጥፉ ተጭኖ የሚያዘው። ሱፐር ግሉ ደግሞ ለዚህ አይሆንም። ሲደርቅ ጠጣር ይሆናል፣ ጎማው ሲለጠጥ ይሰነጠቃል።

መግጠሙ ላይ ዋናው ምሥጢር የቸርኬው መሃል ያለው ጎድጓዳ ነው። ቸርኬ መሃሉ ከዳሩ ይልቅ ዝቅ ያለ ነው። የጎማው አንድ ወገን ጠርዝ መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ይገባል። ከመነዳሪው ቅርጽ እስኪይዝ ብቻ ትንሽ ተነፍቶ ይገባል፤ ባዶውን ከገባ ይጠማዘዛል። ሁለተኛው ጠርዝ ከቫልቩ ትይዩ ይጀመርና ቫልቩ ጋ ይጨረሳል። መጨረሻ ላይ አልገባ ሲል ጉልበት አትጨምሩ። የገባውን በኩል በሁለት እጅ እየጨመቃችሁ ወደ መሃሉ ጎድጓዳ ግፉት። የተገኘችው ትንሽ ቦታ ዙሪያውን ተሻግራ መጨረሻው ጋ ትደርሳለች፤ ጎማው በአውራ ጣት ብቻ ይገባል። ካቻቢቴ የሚያነሳ ሰው ይህን ስላላወቀ ነው።

ከመንፋት በፊት ቫልቩን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጉ። ጎማውን በግራና በቀኝ ገልጣችሁ ከመነዳሪው ከጠርዙ ሥር ተቆንጥጦ እንደሆነ ዙሪያውን እዩ። ተቆንጥጦ የተነፋ ከመነዳሪ በመጀመሪያ እንደ ፊኛ ከጎን ያብጣል፣ ከዚያ እንደ ጥይት ይጮኻል። ጆሮን ያማል።

ነዳጅ ማደያ ወስዶ በመኪና መንፊያ መሙላትም አደጋ አለው። የብስክሌት ጎማ የሚይዘው አየር ትንሽ ነው፤ በሰከንዶች ይሞላል፣ በሰከንዶችም ይፈነዳል። የእጅ ፓምፕ ይሻላል። መጠኑ ጎማው ጎን ላይ በባር ወይም በፒኤስአይ ተጽፏል፤ ሁለቱም የግፊት መለኪያዎች ናቸው፣ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው። ለተራራ ብስክሌት ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 50 ፒኤስአይ ይበቃል፤ ቀጫጭኖቹ የውድድር ጎማዎች ከ80 በላይ ይፈልጋሉ። ጠዋት የተነፋ ጎማ ቀትር ላይ ፀሐይ ውስጥ ከቆመ ግፊቱ ይጨምራል፤ ስለዚህ ጥግ ድረስ አትሙሉት።

ከጎማው ውጭ ያሉት ስህተቶች ጥቂት ናቸው፣ ግን ይደጋገማሉ። ሰንሰለት ላይ የምግብ ዘይት ይቀባል፤ እየቆየ እንደ ሙጫ ይሆናል። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም አፈር ይሰበስባል። በነጭ ጋዝ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ቀጭን ዘይት በየመገጣጠሚያው ጠብ አድርጎ ትርፉን በጨርቅ መጥረግ ነው። ዘይቱ ቸርኬው ላይ ከረጨ የፍሬኑ ጎማ አይዝም። ይህ ቁልቁለት ላይ የሚታወቅ ነገር ስለሆነ ቸርኬውን በሳሙና ሳታጥቡ አትውጡ።

ፔዳልም ሰውን ያታልላል። የቀኙ እንደማንኛውም ብሎን ይፈታል። የግራው ግን ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው፤ የሚፈታው በሰዓት አቅጣጫ ነው። ይህን ያላወቀ መፍቻው ላይ ቱቦ አስረዝሞ በሙሉ ጉልበቱ ሲታገል በእርግጥ እያጠበቀው ነው። አንዳንዴ የፔዳሉን ክንድ ጥርስ ጨርሶ ያበላሸዋል።

ጎማው ወደ ቦታው ሲመለስ ዳዶዎቹ ከመጥበቃቸው በፊት መሃል መቀመጡን በዓይን እዩ። ለጎማ ማውለቂያ ተብሎ የተፈታ የፍሬን ገመድም ይረሳል፤ መልሳችሁ አገናኙት። ከዚያ ብስክሌቱን አንሱና ጎማውን በእጅ አሽከርክሩት። ጫ ጫ የሚል ድምፅ ካለ የሆነ ነገር እየነካ ነው፤ ዳዶውን ላላ አድርጎ እንደገና ማስተካከል ነው። ፀጥ ብሎ ከዞረ ፍሬኑን ሁለቴ ያዝ፣ ለቀቅ አድርጉትና ውጡ።