«ዩቪ ላስቲክ» ምንድን ነው?

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ «ለድሬ ሙቀት ዩቪ ላስቲክ ግዙ፤ ፀሐዩን ስለሚያግድ ግሪንሃውሱ (በላስቲክ የተሸፈነው የአትክልት ቤት) ይቀዘቅዛል» ብሎ ሲመክር ሰማሁ። ይህን ስሰማ ስንተኛዬ እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ። አቦ፣ ዩቪ ላስቲክ አያቀዘቅዝም!

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩቪ (አልትራቫዮሌት) የሚባለው፣ በዓይን የማይታየው የፀሐይ ጨረር ላስቲክ ይበላል። ተራውን ላስቲክ ፀሐይ ላይ ዘርጉትና ተዉት፤ በወራት ውስጥ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ንፋስ ይጫወትበታል። ይህ እንዳይሆን ፋብሪካው ገና ሲሠራው ጨረሩን እንዲቋቋም የሚያደርገው ኬሚካል ይቀላቅልበታል። ጥቅሉ ላይ «ዩቪ» ተብሎ የሚጻፈው ለዚህ ነው። ላስቲኩ ዕድሜ አለው ማለት ነው። ስለ ቲማቲማችሁ የተባለ ነገር የለም።

ዘበኛ ቀጠራችሁ እንበል። ደረተ ሰፊ፣ ሲያዩት የሚያስፈራ። ታዲያ የሚጠብቀው ራሱን ብቻ ነው። ሌባው «እንዴት አመሸህ?» ብሎት በበሩ ይገባል፤ ዘበኛው ግን አንድ ጭረት አልነካውም። ዩቪ ላስቲክ ይሄ ዘበኛ ነው።

እሺ፣ ሰውየው እንዳለው ዩቪን በሙሉ ያግድ። ምድር ላይ ከሚደርሰው የፀሐይ ጉልበት የዩቪ ድርሻ 5 በመቶ ገደማ ነው። ቀሪው የምናየው ብርሃንና የማናየው ኢንፍራሬድ ነው። በር ላይ 100 ሌባ ተሰልፎ ዘበኛው አምስቱን ብቻ መለሰ እንደማለት ነው፤ ዘጠና አምስቱ ሳሎን ገብተው ሻይ ጠጥተዋል። ብርሃኑ መግባቱ ጥፋት አይደለም፤ ተክል የሚኖረው በእሱ ነው። ጣጣው ውስጥ የሞቀው አየር መውጫ ማጣቱ ላይ ነው።

እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር፣ አንዲት እናት ጓሮ ገብቼ ያየሁትን ልንገራችሁ። አራቱም ጎን በላስቲክ ተጠርንፏል። የሸጠላቸው ሰው «ዩቪ ነው፣ አይሞቅም» ብሏቸዋል። ሰዓቱ ሰባት ተኩል ነበር። ቴርሞሜትሬን ቅጠል ጥላ ሥር ሰቀልኩ። (ፀሐይ ላይ የምትሰቅሉ ሰዎች፣ እባካችሁ! ያኔ የምታነቡት የአየሩን ሙቀት ሳይሆን የቴርሞሜትሩን ነው።) 46 ዲግሪ አለኝ። ቲማቲሙ ደረቴ ድረስ ደርሷል፣ ቅጠሉ ያምራል፣ ፍሬ ግን አንድም የለም። አንዱን ዘለላ በጣቴ ነካ ሳደርገው ቢጫዎቹ አበቦች ከአንጓቸው እየተቀነጠሱ መዳፌ ላይ ረገፉ። «ማዳበሪያ ጨመርኩለት እኮ፣ ልጄ» አሉኝ። ማዳበሪያ ምን ያድርግ! ቀኑ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ የቲማቲም የአበባ ብናኝ ይበላሻል፤ አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይወድቃል።

ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ለጓሮ አትክልት ብዙ ጊዜ የሚያስፈልጋት ጥላ እንጂ ላስቲክ አይደለም። ለሰላጣና ለቆስጣ የብርሃኑን ግማሽ የሚያግድ ባለ 50 በመቶ ሼድ ኔት (የጥላ መረብ)፣ ለቲማቲምና ለቃሪያ ባለ 30 ይበቃል። ዝናብ አስቸገረኝ ካላችሁ ላስቲኩን ከላይ ብቻ አልብሱት፣ ጎኑን ክፍት ተዉት። መረቡ ከላስቲኩ በላይ፣ በውጭ፣ ትንሽ ክፍተት ተትቶለት ይወጠር። ጥቁር መረብ ከውስጥ ከሰቀላችሁ ሙቀቱን የሚውጠው እዚያው ውስጥ ሆኖ ነው።

ሐረር ሌላ ነገር ነው። 1,900 ሜትር ገደማ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል። እዚያ ላስቲክ ያስኬዳል፤ ቀን ቀን ጎኑ እስከተጠቀለለ ድረስ። የመተንፈሻው ስፋት ከወለሉ ቢያንስ አንድ አምስተኛ ይሁን።

ያልተጠየቅኩትንም ልጨምር፣ ካልተናገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ዘበኛውም ያረጃል። ውፍረቱ 200 ማይክሮን የሆነው ላስቲክ ጥሩ ከሆነ ሦስት፣ አራት ዓመት ያገለግላል። ሰልፈር (ድኝ) የምትረጩ ከሆነ ግን ከዚያ በፊት ይሞትባችኋል፤ ሰልፈር ያንን ኬሚካል ያዳክመዋል። የጋለ ቱቦላሬ የሚነካው ቦታም ቀድሞ ይቀደዳል፤ ብረቱን ነጭ ቀለም ቀቡት። ፖሊካርቦኔት (ጠንካራውን የፕላስቲክ ጣሪያ) ለምትገዙ ደግሞ፦ አብዛኛው የዩቪ ሽፋኑ በአንድ ፊት ብቻ ነው፤ ወደ ፀሐይ የሚዞረውም ያ ፊት ነው። ጽሑፍ ያለበት ስስ ልባጭ የትኛው ፊት ላይ እንደሆነ ሳታዩ አትላጡት። ገልብጦ የገጠመ ሰው ጣሪያው ቢጫ ሲሆንበት ሻጩን ይራገማል።

አሁን ሰውየው «ዩቪን የሚያግድ ላስቲክም እኮ አለ» ሊለኝ ነው። አለ። ተክል የምትመጠው ነጭ ዝንብ መንገዷን የምታየው በዩቪ ጭምር ስለሆነ እሷን ለማደናገር ይጠቀሙበታል። ንቧም በዩቪ ስለምታይ አብራ ትደናገራለች፤ ዱባ ፍሬ የሚይዘው በንብ ነውና የዘራ ያስብበት። ይሄም ቢሆን ለሙቀት ተብሎ አልተሠራም።

የከዚራዋ እናት ላስቲኩን አላወረዱም፤ ብር ወጥቶበታል። አራቱንም ጎን በመቀስ ቆርጠን ጣሪያውን ብቻ አስቀረን። ከቀፊራ ገበያ መረብ አምጥተው ከላይ ወጥረዋል። ቀጣዩ አበባ ሲፈነዳ ቴርሞሜትሬን ይዤ እሄዳለሁ።