የጠረጴዛ ሳንደር ምንድን ነው? ጥርስ የሌለው ማሽን ጣት የሚልጠውስ እንዴት ነው?

ሳንደር ብርጭቆ ወረቀትን በሞተር የሚያስሮጥ ማሽን ነው። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ በእጅ ተይዞ በእንጨቱ ላይ የሚሄደው ነው፤ ብዙ እንጨት ቤቶች ውስጥ የምናየው እሱን ነው። ሌላው ጠረጴዛ ላይ በቡሎን ታስሮ አንድ ቦታ ቆሞ የሚሠራው ሲሆን የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም እሱ ነው። ይህኛው ከቦታው አይነቃነቅም፤ እንጨቱን ይዘው ወደ እሱ የሚሄዱት እርስዎ ነዎት።

ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም የጥንቃቄው ሁሉ መነሻ ነው። በእጅ በሚያዘው ሳንደር ሲሠሩ እጆችዎ እጀታው ላይ ናቸው። በጠረጴዛው ሳንደር ግን እጆችዎ ያሉት እንጨቱ ላይ፣ ከሚሮጠው ወረቀት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቀው ነው። መጋዝ ጥርስ ስላለው ሰው ገና ሲያየው ይፈራዋል። ሳንደር ግን የዋህ ይመስላል፤ ወረቀት እኮ ነው፣ ምን ያደርጋል? ይባላል። አደጋውም ከዚሁ ንቀት ይጀምራል።

ለቤት ውስጥ ሥራ ከሚሸጡት ውስጥ በጣም የተለመደው ቀበቶና ዲስክ አንድ ላይ ያለው ነው። ቀበቶው 4 ኢንች ስፋትና 36 ኢንች ዙሪያ ያለው፣ ሁለት ጥቅል ላይ እንደ ቺንጋ የሚሽከረከር ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ በጀርባው ሊተኛ ወይም ቀጥ ብሎ ሊቆም ይችላል። ዲስኩ በጎን በኩል የሚዞር፣ 6 ኢንች ማለትም 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዲያሜትር ያለው ክብ ብረት ነው፤ ወረቀቱ ፊቱ ላይ ይለጠፋል። ከፊቱ እንጨቱ የሚያርፍባት ትንሽ የብረት ማስደገፊያ አለች፤ እስከ 45 ዲግሪ ታዘነብላለች። ሞተሩ ብዙውን ጊዜ ከአንድ የፈረስ ጉልበት በታች ነው።

ጥሩ የሚሠራው ምንድን ነው? የተቆረጠ እንጨት ጫፍ ማስተካከል፣ ማዕዘን ማክበብ፣ የበርጩማ እግር ማመጣጠን፣ የመክተፊያን ጠርዝ መስበር፣ የፎቶ ፍሬም ጥግ እስኪገጥም ድረስ መንካት። በር ወይም የምግብ ጠረጴዛ ላለስልስበት ብሎ የሚገዛው ሰው ግን ይከፋል። ለሰፊ ገጽ የሚሆነው በእጅ የሚያዘው ነው፤ ሰፊ ጣውላ በዚህች ጠባብ ቀበቶ ላይ ሲገፉት መሐሉ ይጎደጉዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በእኛ አገር መስመር፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ በሚመላለስ (50 ኸርዝ) ኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ዲስኩ በቀጥታ ሞተሩ ላይ የተገጠመለት ሳንደር በደቂቃ 2,850 ጊዜ ገደማ ይዞራል። የ6 ኢንች ዲስክ ዙሪያ 48 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ የዲስኩ ዳር በሰከንድ ከ22 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ በሰዓት ሲሰላ 80 ኪሎ ሜትር ያልፋል። መሐሉ ላይ ያለችው ነጥብ ደግሞ ባለችበት ትሽከረከራለች እንጂ አትሄድም። ስለዚህ የሚበላው ዳሩ ነው።

የዲስኩ ግማሽ ሁልጊዜ ወደ ታች፣ ግማሹ ወደ ላይ ይሄዳል። ወደ ታች የሚሄደው ጎን እንጨቱን ማስደገፊያው ላይ ይጫነዋል። ወደ ላይ የሚሄደው ጎን ግን እንጨቱን ያነሳዋል፣ ያስፈነጥረዋል፤ ብናኙንም ፊትዎ ላይ ይበትናል። የጣት ጉዳት አንዱ ዋና መንገድ ይህ ነው፦ እንጨቱን በኃይል እየገፉ ነው፣ እንጨቱ ድንገት ከስፍራው ይነሳል፣ ሲገፋ የነበረው እጅ የሚያቆመው ነገር ያጣና ዲስኩ ላይ ያርፋል። እጅዎ ወደ ዲስኩ የሄደው በራስዎ ጉልበት ነው።

ስለዚህ እንጨት የሚሠራው ወደ ታች በሚሄደው ጎን ብቻ ነው። ብዙዎቹ ማሽኖች ከፊት ሲታዩ በሰዓት አቆጣጠር ተቃራኒ ስለሚዞሩ ትክክለኛው ጎን ግራው ነው። የእርስዎን ማሽን ግን ሽፋኑ ላይ ከተሳለው ቀስት ያረጋግጡ። ቀስት ከሌለው አንድ ጊዜ አብርተው ያጥፉትና ሊቆም ሲል ወዴት እንደሚዞር ይዩ። ሁለቱንም ግማሽ የሚያቋርጥ ረጅም እንጨት ለዲስክ አይሆንም፤ ወደ ቀበቶው ይውሰዱት።

ቀበቶው ላይም ጥያቄው ያው ነው፤ ወዴት ይጎትታል? ቀበቶ እንጨቱን ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይወስደዋል፤ ጫፍ ላይ የተገጠመችው ማቆሚያ ብረት ሥራዋ እንጨቱን መያዝ ነው። አንዳንድ ሰው ረጅም እንጨት አላሠራ ስትለው ፈትቶ ያስቀምጣታል። ከሷ ጋር ካልሠራ ማሽኑ ላይ የሚሠራ ሥራ አይደለም ማለት ነው። በቀበቶው መሄጃ ትክክል አይቁሙ፤ እንጨት ካመለጠ የሚመጣው በዚያ መስመር ነው።

በማስደገፊያውና በዲስኩ መካከል ያለው ክፍተት ከ1.5 ሚሊ ሜትር ብዙም መብለጥ የለበትም። ክፍተቱ ሲሰፋ ቀጭን እንጨት ወደ ውስጥ ይሳባል፤ የያዘችውም ጣት ተከትላ ትሄዳለች። ማስደገፊያውን ሲያዘነብሉት ክፍተቱ ስለሚለወጥ እንደገና ማስጠጋት አይርሱ፤ ይህን የሚያደርጉት ግን ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ ነው። የአዝራር ያህል ትንሽ እንጨት ከሆነ በጣት ይዞ ወደ ዲስክ ማቅረብ አይገባም። በሁለቱም ፊቱ በሚጣበቅ ፕላስተር ረዘም ያለ ጣውላ ጫፍ ላይ ይለጥፉትና ጣውላውን ይያዙ። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ያለው ሥራ ጠፍጣፋ ነገር ላይ በተነጠፈ ወረቀት በእጅ ቢታሽ ማሽኑ እስኪዘጋጅ ድረስ ያልቃል።

ጓንት አያድርጉ። ይህ ብዙ ሰው ይገርመዋል፤ ጓንት ለጥንቃቄ አይደል እንዴ? ይላል። ባዶ ጣት ዲስክ ቢነካ ቆዳው ይላጣል፤ ያማል፣ ብዙውን ጊዜ ግን ይድናል። ጓንት ግን ከተያዘ ጣቱን ይዞ ማስደገፊያውና ዲስኩ መካከል ይገባል። በዚሁ ምክንያት ነጠላና ሻርፕ ይወልቃል፣ እጅጌ ይሰበሰባል፣ ረጅም ፀጉር ይታሰራል፣ ቀለበትና ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። ማተብ ያለው ሰው ሸሚዙ ውስጥ አስገብቶ ቁልፉን ይቆልፍ፤ ጎንበስ ሲል ቀድሞ ወደ ማሽኑ የሚንጠለጠለው እሱ ነው። መነጽር ግዴታ ነው፤ ማሽኑ ረጅም ሰዓት የሚሠራ ከሆነም የጆሮ መከለያ ያስፈልጋል።

ከጣት ይልቅ ቀስ ብሎ የሚጎዳው ብናኙ ነው። ከመጋዝ የሚወጣው ሰጋቱራ ከባድ ስለሆነ እግር ሥር ይወድቃል። ከሳንደር የሚወጣው ግን እንደ ጤፍ ዱቄት የላመ ነው፤ በጣም ደቃቁ ለዓይን እንኳ አይታይም፤ ማሽኑ ከቆመ በኋላም አየር ላይ ረጅም ሰዓት ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ሰነድ የእንጨት ብናኝን ሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ በተረጋገጡ ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቶታል፤ በተለይ የሚያያዘው ከአፍንጫና ከሳይነስ ካንሰር ጋር ነው። ይህ የተባለው ለዓመታት ብናኝ ሲተነፍሱ ስለኖሩ ሠራተኞች ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ በርጩማ የሚሠራን ሰው ለማስደንገጥ አይደለም። ግን የቤት ውስጥ አናጢ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው መስኮት በሌለው ጠባብ ክፍል ውስጥ መሆኑም አይዘንጋ።

የእንጨቱ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። ዋንዛ በደንብ ይታሻል። ጥድ ቅባት ስላለው ወረቀቱን ቶሎ ይደፍነዋል። ግራቪሊያ አንዳንድ ሰው ላይ ቆዳ የሚያሳክክና ሽፍታ የሚያወጣ ነገር አለው። ከእንጨት ጭረትና ፍርፋሪ ተጨምቀው የሚሠሩት ኤምዲኤፍና ቺፑድ ፎርማልዴይድ የተባለ ኬሚካል ባለበት ሙጫ የተጣበቁ ናቸው፤ ኮምፖርሳቶም ብዙውን ጊዜ እንዲሁ ነው። ኤምዲኤፍ ሲታሽ የሚወጣው ብናኝ ደግሞ እጅግ ደቃቅ ነው። ከሁሉም የሚብሰው የአሮጌ በር ቀለም ነው፤ ድሮ የተቀባ ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው ብረት ሊኖር ይችላል። አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት እንዳይሸጥ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ እዚህ አገር ደንብ የወጣለት ከዚያ በጣም ዘግይቶ ነው። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ስለሚጎዳ፣ የማይታወቅ አሮጌ ቀለም ያለበትን እንጨት ልጆች ባሉበት ግቢ ደረቁን በሳንደር ማሸት የለብዎትም።

ነጠላ አፍንጫ ላይ መጠምጠም ትልልቁን ብቻ ያስቀራል። የሐኪም ቤት ማስክም በጎኑ ክፍት ነው። የሚሠራው ኤን95 ወይም ኤፍኤፍፒ2 የሚል ጽሑፍ ያለበትና ፊት ላይ ግጥም የሚል ማስክ ነው፤ ጢም ካለ አይገጥምም። ማሽኑ ከኋላው የብናኝ መውጫ ቀዳዳ አለው፤ ቫኪዩም ካለ በቱቦ ያገናኙት። ከሌለ በረንዳ ላይ አውጥቶ መሥራት ከማንኛውም ክፍል ይሻላል፤ ንፋሱ ከጀርባዎ ወደ ፊት ይንፈስ፣ የጎረቤት ልብስ ገመድ ላይ አለመኖሩንም ቀድመው ይዩ። ሲጨርሱ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ እንጂ በኮምፕሬሰር አይንፉት።

ብናኙ ይቀጣጠላልም። ቢላ ወይም መሮ በዚሁ ማሽን መሳል የሚወዱ አሉ፤ ብረት ሲነካው ፍንጣሪ ይወጣል፣ ፍንጣሪው በብናኝ መውጫው ቱቦ በኩል ቀጥታ ወደ ከረጢቱ ይገባል። ቶሎ ነዶ ላይታይ ይችላል፤ ውስጥ ውስጡን ሲጨስ ያድርና ሌሊት ይነሳል። ከፓሌት የተነቀለ ጣውላ ውስጥ የቀረች ምስማርም እንዲሁ ታደርጋለች። ብረት የሚሠሩ ከሆነ መጀመሪያ የእንጨቱን ብናኝ በሙሉ ያውጡ። ዘይት ወይም ቫርኒሽ የተቀባ እንጨት ካሹ ደግሞ ከረጢቱን የዚያኑ ቀን ውጭ ያራግፉ፤ እንዲህ ያለው ብናኝ ተከምሮ ሲቀመጥ በራሱ ሊግል ይችላል።

ስለ ወረቀቱ ብዙ የሚባል የለም። ቁጥሩ ሲያድግ ይልማል፦ 60 እና 80 ቅርጽ ለማውጣት፣ 120 ለማስተካከል፣ 180 እና ከዚያ በላይ ለመጨረሻ ማለስለስ። እንጨቱ ከጠቆረ ወይም የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ወረቀቱ ደንዝዟል ወይም ተደፍኗል። ያኔ ሰው የሚያደርገው የባሰ መግፋት ነው፤ ይህ ደግሞ ቅድም ያልነው እጅ ሚዛኑን የሚያጣበት ሁኔታ ነው። አዲስ ቀበቶ ሲያስገቡ ከውስጥ በኩል ያለውን ቀስት ከማሽኑ ቀስት ጋር ያስማሙ፣ በእጅዎ አንድ ሁለት ዙር ያዙሩት፣ ከዚያ ጎን ቆመው ያብሩ። ወደ አንድ ዳር ከተንሸራተተ ማስተካከያውን በትንሽ በትንሹ ያዙሩ።

ኤሌክትሪኩን በተመለከተ የውጭ መመሪያዎች ጠበቅ አድርገው የማይጽፉት፣ እኛ አገር ግን ከሁሉም ቀድሞ መነገር ያለበት አንድ ነገር አለ። እየሠሩ ሳለ መብራት ይሄዳል። ማሽኑ ይቆማል፣ እርስዎም ቡና ሊጠጡ ይሄዳሉ፤ ማጥፊያው ግን አሁንም በርቷል። መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ ራሱ ይነሳል። ልጅ አጠገቡ ቆሞ ሊሆን ይችላል፤ እርስዎም ቀበቶ እየቀየሩ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መብራት ሲሄድ የመጀመሪያው ሥራ ማጥፋትና ሶኬቱን መንቀል ነው። መብራት ሲቋረጥ ራሱ ወደ ማጥፊያው የሚመለስ መግነጢሳዊ ማብሪያ ያለው ማሽን ካገኙ ጥቂት ተጨማሪ ብር ይገባዋል። አንዳንድ ማሽኖች ማብሪያው ላይ የምትነቀል ቢጫ ቁልፍ አላቸው፤ ሥራ ሲያልቅ ነቅለው ኪስዎ ውስጥ ይክተቷት፣ ያለ እሷ ማሽኑ አይነሳም። ካጠፉት በኋላም ዲስኩ ወዲያው አይቆምም፤ በእንጨት ተጭኖ ማስቆም አይገባም፤ እስኪቆም ይጠብቁ።

ዘመድ ከውጭ ይዞልኝ ይመጣል ለሚሉ፦ ከአውሮፓ፣ ከእስራኤልና ከዱባይ የሚመጣው በቮልትም በኸርዝም ከእኛ ጋር ይስማማል፤ መሰኪያው ግን ሊለይ ይችላል። የሳዑዲ መስመር 60 ኸርዝ ነው። የአሜሪካው 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ሲሆን እዚህ በቀጥታ ከተሰካ ሞተሩ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም፤ በደቂቃ 3,450 ጊዜ የሚዞረው ሞተር እዚህ 2,850 ገደማ ይሆናል፣ ከልኩ በላይም ይግላል። ካርቦን (ወደሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የምታስተላልፍ ቁራጭ) ያለው ሞተር ከሆነ ለኸርዝ ብዙም አይጨነቅም፤ አብዛኞቹ የጠረጴዛ ሳንደሮች ግን ካርቦን የላቸውም። ስለዚህ ገንዘቡን ከመላክዎ በፊት ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ሳህን ፎቶ አንስተው እንዲልኩልዎ ይጠይቁ፤ ከ220 እስከ 240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ካላለች ይቅርብዎ።