ሰምና ወርቅ ምንድን ነው? አሽሙር ሁሉ ሰምና ወርቅ አይደለም

ሰሞኑን አንዱ «ዝምታ ወርቅ ነው» የሚለውን አባባል ለጠፈና ከስሩ «የአበው ሰምና ወርቅ» አለበት። ወርቅ የሚል ቃል ስላለበት ይሆን? ዝም ብዬ ላልፍ ነበር። ቀጥሎ የመጣው አስተያየት ሰጪ ግን ሰሙ ልጣጭ ነው፣ ልጣችሁ ጣሉትና ወርቁን ውሰዱ ብሎ አስተማረን። እዚህ ላይ አላስችል አለኝ።

ተረትና ምሳሌ ሰምና ወርቅ አይደለም። ጎረቤትን በነገር መውጋትም አሽሙር እንጂ ሰምና ወርቅ አይባልም። በአማርኛ ግጥም ሰምና ወርቅ የምንለው አንድ ስንኝ ሁለት ፍቺ ሲይዝ ነው፤ ላዩን የሚታየው ሰም፣ ውስጡ ያለው ወርቅ ይባላል። ስያሜው የመጣው ከአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው ጌጡን መጀመሪያ በሰም ይሠራዋል። በጭቃ ይለብጠዋል። እሳት ሲያገኘው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በተወው ክፍተት ወርቁ ይፈስሳል። ታዲያ ወርቁ ቅርጹን ከማን አገኘ? ከሰሙ! ሰሙ ላይ ጭረት ከነበረ ወርቁም ላይ ይወጣል። ወንድሜ፣ የሙዝ ልጣጭ ሙዙን ሲቀርጽ አይተሃል?

ለማሳያ ብዬ የገጠምኳት ይቺትና፦

የኔታ ዘንድ ሄዶ ደጅ ሲጠና ከርሞ
ተማረ ልጃችን ከፊታቸው ቆሞ

ላዩን ካያችሁት የቄስ ተማሪ ነው፤ ደጅ ጠንቶ ዕውቀት ገበየ። አሁን «ተማረ»ን ከ«ማረ» አምጡት። ልጁ አጥፍቶ ኖሯል፤ ይቅር ተባለ። ደጅ መጥናቱም ሆነ ፊታቸው መቆሙ ለሁለቱም ይሠራል። «የኔታ» ራሱ «የእኔ ጌታ» ማለት አይደል? ኅብረ ቃሏ፣ ማለትም ሁለቱን ፍቺ የተሸከመችው ቃል፣ «ተማረ» ናት፤ የሌሎቹ ቃላት ሥራ እሷን አለማሳጣት ነው። ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ኅብሩን በማግኘቱ ይደሰትና ሰሙን ትርጉም የለሽ ያደርገዋል። ያኔ የጻፈው ግጥም መሆኑ ቀርቶ እንቆቅልሽ ይሆናል።

ደግሞ ጠብቆና ላልቶ የሚነበብ ነገር አለ። «ገና» በዓሉ ይጠብቃል፤ «ገና ነው» ስንል ይላላል። ፊደላችን ይህን ስለማያሳይ ወረቀት ላይ ያምራል። መድረክ ላይ ስታነቡት ግን አንዱን መምረጥ ግድ ነው፤ ኅብሩም እዚያው ይፈርሳል። «ተማረ» በሁለቱም ፍቺው አንድ ዓይነት ስለሚነበብ ከዚህ ጣጣ ያመልጣል።

የቅኔ ቤት ሰዎች ይህን ካነበቡ እኔንም መቆጣታቸው አይቀርም። እውነታቸውን ነው። በግዕዝ ቅኔ እኔ ያሳየሁት «ኅብር» ነው የሚባለው። እዚያ ሰምና ወርቅ ሲባል ሁለቱም በግልጽ ጎን ለጎን ይጠራሉ። በአማርኛ ብናስመስለው፣ «ወይፈን ልጃችን የፊደልን ማሳ አረሰ» እንደማለት። ወይፈንና ማሳ ሰም፣ ልጅና ፊደል ወርቅ፤ «አረሰ» የሁለቱ የጋራ ማሰሪያ ግስ። የተደበቀ ነገር የለም! «ወርቅ ማለት የተደበቀው ነው» የሚለው ፍቺም እዚህ ላይ አይሠራም።

የአንጥረኛውም ምሳሌ ቢሆን እስከ መጨረሻው አይወስደንም። የአንጥረኛው ሰም ቀልጦ ይጠፋል፤ የገጣሚው እዚያው ይቀራል። ደጋግመው ቢያነቡትም አለ።

ግጥሟን መጀመሪያ ያሳየሁት ለእህቴ ነበር። «ጎበዝ ልጅ! የማን ልጅ ነው?» አለችኝ። ወርቁን አላየችውም። ሰሙ ግን መቆሙን አረጋገጥኩ።