ቫኒቲ ምንድን ነው? ከመስታወቱ እስከ ከንቱው

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ የቤት ዕቃ የሚሠራ ጎረቤት አለኝ። በቀደም ቅዳሜ ጠዋት ከዓረብ አገር የተመለሰች አንዲት ልጅ ስልኳን ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ እንደዚህ ያለ ቫኒቲ ይሠሩልኛል?» ፎቶው ላይ ያለው ባለ መሳቢያ ጠረጴዛ ነው። ከላዩ ትልቅ መስታወት፣ በመስታወቱ ዙሪያ አምፖል። «አብሽሪ፣ እንሠራለን» አላት።

ጥግ ላይ ኤምዲኤፍ የሚለካው ረዳቱ ግን ሳቁን መያዝ አቃተው። ልጁ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። እሱ በሸመደደው የእንግሊዝኛ ቃላት ዝርዝር ውስጥ ቫኒቲ ማለት «ከንቱነት» ነው። ልጅቷ ስትወጣ ጠብቆ «ጋሼ፣ ከንቱነት ሥሩልኝ እኮ ነው ያለችዎት!» አለ።

ሁለቱም ልክ ናቸው። ጉዱ ያለው ቃሉ ላይ ነው።

የቃሉ ሥር ላቲን ነው። «ቫኑስ» ማለት ባዶ ማለት ነው። በፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ እንግሊዝኛ ገባ። ስለዚህ መነሻው ላይ መልክም መስታወትም የለም። ባዶነት ብቻ ነው ያለው። እኛ «በከንቱ ደከምኩ» ስንል እንግሊዞቹ የሚጠቀሙበት «ቬን» የሚለው ቃል ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። የእግዚአብሔርን ስም በከንቱ አትጥራ የሚለው ትእዛዝ በቆየው የእንግሊዝኛ ትርጉም ላይ ያለው በዚሁ ቃል ነው። (የደም ሥርም «ቬን» ነው፣ የነፋስ አቅጣጫ የሚያሳየውም «ቬን» ነው። አጻጻፋቸው ይለያያል፤ ለጆሮ ግን አንድ ናቸው። ተፈታኞች ይጠንቀቁ።)

ከንቱ ሲባል ሁላችንም ትዝ የሚለን መጽሐፈ መክብብ ነው። እዚያ ውስጥ 38 ጊዜ የሚመላለሰው የዕብራይስጥ ቃል «ሄቬል» ነው። ትርጉሙ ትንፋሽ፣ እንፋሎት። የአዳም ልጅ የአቤል ስም በዕብራይስጥ ራሱ ይኸው ቃል ነው። ያቺን አጭር ዕድሜ ሲያስቡት ስሙ ይከብዳል። ላቲኑ ትንፋሹን «ቫኒታስ» ብሎ ተረጎመው፤ በ1611 የታተመው የእንግሊዞች መጽሐፍ ቅዱስ «ቫኒቲ» አለው፤ የኛው ደግሞ «ከንቱ»።

ጎረቤቴ መስታወት ሲወለውል ቆሜ አይቻለሁ። ጠጋ ብሎ «ሃ» ይልበታል። የደሴ ብርድ ነውና መስታወቱ ወዲያው ጉም ይለብሳል፤ ፊቱ ይጠፋል። ጨርቁን እስኪያነሳ ድረስ ጉሙ ከዳር ከዳር መሸሽ ይጀምራል። ሄቬል እሱ ነው። ከዚህ የተሻለ ትርጉም አላገኘሁለትም።

ታዲያ ከባዶነት ወደ መልክ እንዴት ተሻገረ? ነገሩ ሩቅ አይደለም። ያ እንደ ጉም የሚሸሸውን ነገር፣ መልክን፣ ልብስን፣ የሰው አፍን፣ ትልቅ ቁም ነገር አድርጎ የያዘ ሰው «ባዶውን ይዟል» ተባለ። እኛም እኮ ላዩ አምሮ ሆዱ ባዶ የሆነውን «ውስጡን ለቄስ» እንላለን።

መዝገበ ቃላት ብትገልጡ ቫኒቲን «ትዕቢት» ብለው የሚገላገሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ትዕቢተኛ ሰው ተመልካች አይፈልግም። ቤቱን ዘግቶም ትዕቢተኛ ነው። ሰው ይጠየፋል። ቫኒቲ ያለበት ሰው ግን እንኳን ሊጠየፍ፣ የሚያየው ሰው ካጣ ይታመማል። ንጉሥ ሚካኤል እዚሁ ደሴ ያሠሩትን የግብር አዳራሽ ስም ታውቃላችሁ፤ አይጠየፍ። ትዕቢተኛው ከዚያ አዳራሽ ደጃፍ ይመለሳል። የቫኒቲው ሰውዬ ቀድሞ ገብቶ ሁሉም በሚያየው ቦታ ይቀመጣል። «እዩኝ እዩኝ ያለ ደብቁኝ ደብቁኝ ያመጣል» የሚባለው ለእሱ ነው።

ልክክ የሚል ቃል ከተፈለገ ከቤተ ክርስቲያን መበደር ነው፤ ውዳሴ ከንቱ። በ4ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኤቫግሪዮስ ስምንት ክፉ ሐሳቦችን ሲቆጥር ውዳሴ ከንቱንና ትዕቢትን ለየብቻ ነው ያስቀመጣቸው። የግሪኩ ቃልም ቁርጥ የኛው ነው፤ ባዶ ክብር። ያን ጊዜ የነበሩ አባቶች በሽንኩርት ይመስሉታል። አንዱን ልጥ ስታነሳ ሌላው ከሥር ይጠብቅሃል። «እኔ እኮ መታየት አልወድም» ማለት ራሱ አንድ ልጥ ነው።

መስጊድ በኩል ደግሞ ነገሩ በሦስት ይከፈላል። ለሰው እይታ ብሎ መሥራት «ሪያ»፣ በራስ መደነቅ «ኡጅብ»፣ ትዕቢት «ኪብር»። ልብሱና ጫማው እንዲያምር የሚወድ ሰውስ ተብለው ነቢዩ ሲጠየቁ፣ አላህ ውብ ነው፣ ውበትንም ይወዳል፤ ኪብር ግን እውነትን መግፋትና ሰውን መናቅ ነው ብለው መልሰዋል። ስለዚህ አርብ ዘንጦ ወደ ፒያሳ የወጣን ጎረምሳ ቸኩላችሁ አትፍረዱበት። ዘናጭ ነው። ሲብስ ሽቅርቅር ነው።

ሌሎቹን ዘመዶች ቶሎ ልለፋቸው። «ኮንሲት» ድሮ «ሐሳብ» ማለት ብቻ ነበር። ዛሬ ስለራስ ያለ የተጋነነ ግምት ነው፤ መኮፈስ የምንለው። «ናርሲሲዝም» በውሃ ላይ ያየውን የራሱን መልክ ካፈቀረው የግሪክ ተረት ወጣት የመጣ ነው። ሐኪሞች ለአንድ የባሕርይ ሕመም ይጠቀሙበታል፤ ሰልፊ ለምትወድ ጓደኛችሁ ባትለጥፉት ይሻላል። «ፊዩቲሊቲ» ደግሞ ከባዶነቱ ወገን ብቻ ነው፤ ፍሬ ቢስ ልፋት።

ዛሬ ዛሬ ቫኒቲ ሌላ ቃል ላይ እየተለጠፈም ይኖራል። ውጭ አገር ባለቤቱ ገንዘብ ጨምሮ ስሙን ያስጻፈበት ታርጋ «ቫኒቲ ታርጋ» ነው። ቲክቶክ ላይ ቪው በቪው ሆኖ ሱቁ አንድ ዕቃ ካልሸጠ፣ ያ ቪው የቫኒቲ ቁጥር ይባላል። ደራሲውን አስከፍሎ የሚያትም አሳታሚም «ቫኒቲ» ነው። ይኼኛው ግን አይዋጥልኝም። በዚህ ሚዛን ከሄድን፣ ተበድሮ መጽሐፉን ያሳተመው የአገራችን ደራሲ ሁሉ ውዳሴ ከንቱ ፈላጊ ሊሆን ነው።

የልጅቷ ጠረጴዛም በዚሁ መንገድ የመጣ ነው። አሜሪካኖች መኳኳያውን ጠረጴዛ በፊቱ በሚቀመጠው ሰው አመል ጠሩት። ከዚያ አልፈው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከእጅ መታጠቢያው ሥር ያለውን ቁም ሳጥን ሳይቀር ቫኒቲ አሉት።

ማታ ጎረቤቴ ቤት ጎራ ስል የትእዛዝ ደብተሩ ተከፍቶ አየሁት። በረዳቱ እጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ከንቱ፣ 1፣ ባለ ሦስት መሳቢያ፣ ቀብድ ተከፍሏል»።