የግድግዳ ላይ የፀሐይ ፓነሎች፦ ባሉበት የሚቆሙትና ፀሐይን የሚከተሉት

በሕንፃ ግድግዳ ላይ የሚገጠም የፀሐይ ፓነል አንድ ጊዜ ታስሮ ባለበት ይቀራል፤ አለዚያም በሞተር ወይም በአየር ግፊት እየዞረ ፀሐይን ይከተላል። የትኛው እንደሚያዋጣ ከግንባታው በፊት በኮምፒውተር ሞዴል ይሰላል። ሜዳ ላይ ለሚተከሉ ፓነሎች መልሱ ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው፤ በአንድ ዘንግ የሚዞረው ከማይዞረው አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 በመቶ፣ በሁለት ዘንግ የሚዞረው ደግሞ እስከ 40 በመቶ ብልጫ ያሳያል። ይህን ቁጥር ወስዶ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ግን አይቻልም። ግድግዳው ራሱ የሰማዩን ግማሽ ይጋርዳል፤ ፓነሎቹም ተቀራርበው ስለሚደረደሩ አንዱ ሲዞር በጎረቤቱ ላይ ጥላ ይጥላል።

የሕንፃ ግድግዳን በፓነል ማልበስ እ.ኤ.አ. በ1991 በጀርመኗ አኸን ከተማ እንደተጀመረ ይነገራል። በ1994 አርክቴክት ሮልፍ ዲሽ በፍራይቡርግ የሠራው ሄልዮትሮፕ የተሰኘ ቤት ሙሉ በሙሉ በምሰሶ ላይ ይዞራል፤ የጣሪያው ፓነል ደግሞ ለብቻው ፀሐይን ይከተላል። በ2012 የተጠናቀቁት የአቡ ዳቢው አል ባህር ማማዎች ፀሐይዋን እያዩ የሚከፈቱና የሚዘጉ ከለላዎች አሏቸው፤ ከለላዎቹ ግን ጥላ እንጂ ኤሌክትሪክ አይሰጡም።

ጥላንና ኤሌክትሪክን በአንድ ስሌት ያገናኘው ዋናው ሥራ የተሠራው በዙሪክ የፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም፣ በፕሮፌሰር አርኖ ሽሉተር ቡድን ነው። (ይኸው ተቋም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት የቅርብ አጋር ሆኖ ስለሠራ ለእኛ ባዳ አይደለም።) ቡድኑ ቀጫጭንና ቀላል ፓነሎችን በመስኮት ፊት ደርድሮ፣ እያንዳንዱን ለስላሳ ጎማ መሰል ነገር ውስጥ በሚገባ አየር ግፊት አንቀሳቀሰ። የመጀመሪያው ትልቅ ናሙና በተቋሙ ግቢ ተተከለ፤ በ2021 ደግሞ በዱበንዶርፍ በተመረቀው ሂሎ በተባለው የሙከራ ሕንፃ ላይ ሥራ ላይ ዋለ።

የቡድኑ ሞዴል ትልቁ ቁም ነገር ፓነሉ ሁልጊዜ ፀሐይን ይይ ብሎ አለመነሳቱ ነው። በየሰዓቱ ልዩ ልዩ ማዕዘኖችን ይሞክርና የሚመረተውን ኤሌክትሪክ ክፍሉ ለማሞቂያ፣ ለማቀዝቀዣና ለመብራት ከሚፈጀው ጋር ያወራርዳል። በአውሮፓ የብርድ ወራት ጠዋት ለኤሌክትሪክ የሚበጀው ማዕዘን ክፍሉን የሚያሞቀውን ፀሐይ ሊከለክል ይችላል፤ ያን ጊዜ ሞዴሉ ፓነሉን ዘወር አድርጎ ብርሃኑን ያስገባል። በ2017 በታተመው ጥናታቸው ተንቀሳቃሹ ከማይንቀሳቀሰው አቻው ይልቅ የክፍሉን የተጣራ የኃይል ፍላጎት ከ20 እስከ 80 በመቶ ቀንሷል። ልዩነቱ እንዲህ የሰፋው በማሞቂያውና በማቀዝቀዣው ብቃት ምክንያት ነው፤ ስለዚህ 80ውን ብቻ ነጥሎ የሚጠቅስ ሰው ስለ ፓነሉ ከነገረን ይልቅ የደበቀን ይበልጣል። በ2019 የወጣው ሥራ እስከ 50 በመቶ የሚደርስ የኃይል ብልጫና የአንድ ቢሮ ክፍልን የተጣራ ፍላጎት እስከ 115 በመቶ የመሸፈን አቅም አሳይቷል። ቢሮው አንድ ክፍል እንጂ ሙሉ ሕንፃ አለመሆኑን ግን ልብ ይሏል።

ስሌቱ የሚጀምረው ከፀሐይ አቀማመጥ ነው። ብርሃኑ በቀጥታ የሚመጣ፣ በሰማይ ላይ የተበተነና ከመሬት የሚንጸባረቅ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። መዞር የሚጠቅመው በዋናነት ለመጀመሪያው ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት ጥላው ላይ ነው። በተለመደው ባለ 60 ሴል ፓነል ሴሎቹ፣ ማለትም ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩት ትንንሽ ክፍሎች፣ እያንዳንዳቸው ባለ 20 በሆኑ ሦስት ቡድኖች ይያያዛሉ፤ ከቡድኑ ጥቂቱ ሲጋረድ ቡድኑ በሙሉ ይደክማል። ፓነሉ ቁመቱን ይዞ ሲቆም ከግርጌው አንድ ረድፍ ብቻ ጥላ ቢያርፍበት ሦስቱም ቡድኖች ይደክማሉ፤ ያው ጥላ በረጅሙ ጎን ቢያርፍ የሚጎዳው አንዱ ቡድን ብቻ ነው። ጥላን በስፋት ብቻ የሚቆጥር ሞዴል ይህን አያይም፤ ለተንቀሳቃሹም ያልተገባ ብልጫ ይሰጠዋል። የአውሮፓ ኮሚሽን በነፃ የሚያቀርበው ፒቪጂአይኤስ የተባለ የፀሐይ ኃይል ማስያ አፍሪካንም ይሸፍናል፣ ተከታይና ተከታይ ያልሆኑ ፓነሎችንም ያወዳድራል፤ የጎረቤት ፓነልን ጥላ ግን አያሰላም።

ለአዲስ አበባ ውጤቱ ሌላ መልክ አለው። በዙሪክ የታኅሣሥ ቀትር ፀሐይ ከአድማስ 19 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ስለምትል የደቡብ ግድግዳን ፊት ለፊት ትመታለች። በአዲስ አበባ በዚያው ወቅት 57 ዲግሪ ያህል ትደርሳለች፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማብቂያ ደግሞ አናት ላይ ናት። በሰኔና በሐምሌ ቀትር ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ ያኔ ግን ክረምት ነው፣ ሰማዩ በደመና ስለሚሸፈን ብርሃኑ አብዛኛው የተበተነ ነው፣ መዞርም ያን ያህል አይጠቅምም። በዚህ ኬክሮስ ሞተር ከመግዛት ይልቅ ፓነሉን ከመስኮቱ በላይ እንደ ጥላ በአግድም ማውጣት ይሻላል፤ ዝናብ አቧራውን እንዲያጥበው ብቻ ጥቂት ዘንበል ይደረጋል።