ፀሐይ ያበላሸው ቆዳና ሕክምናው

በ2012 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የተባለው የሕክምና መጽሔት የአንድ የ69 ዓመት ሰው ፎቶግራፍ አወጣ። ሰውየው 28 ዓመት የዕቃ ማመላለሻ መኪና ሲነዳ የኖረ ነው። የፊቱ ቀኝ ጎን ዕድሜውን ይመስላል። በመስኮቱ በኩል የነበረው የግራ ጎኑ ግን ወፍሯል፣ በጥልቅ መስመር ተሸንትሯል፣ ከዐይኑ ሥር ተንጠልጥሏል። አባትና ልጅ አንድ ፊት የተካፈሉ ነው የሚመስለው። መስኮቱን ዘግቶ ቢነዳም ብዙ አይጠቅመውም ነበር፤ ተራ መስታወት የሚያግደው ቆዳን አቃጥሎ የሚያቀላውን ጨረር እንጂ ወደ ውስጥ ዘልቆ የሚገባውን አይደለም።

እነዚህ ጨረሮች ሁለቱም አልትራቫዮሌት ናቸው። ዩቪቢ የሚባለው ከ280 እስከ 315 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ሲሆን በላይኛው የቆዳ ሽፋን ላይ ይቀራል፤ ፀሐይ የመታው ሰው ቀልቶ የሚላጠው በዋናነት በእሱ ምክንያት ነው። ዩቪኤ ከ315 እስከ 400 ናኖሜትር ነው። አያቃጥልም፣ አይሰማም፤ ነገር ግን እስከ ታችኛው ሽፋን ደርሶ ቆዳን ወጥሮ የያዘውን ኮላጅን ይሰባብራል። መሸብሸቡም መላላቱም የሚመጣው በብዛት ከዚህ ነው። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ደግሞ በዐይናችን የምናየው ብርሃን፣ በተለይ ሰማያዊው ክፍል፣ ያጠቁራል።

የቀለሙን ነገር ለመረዳት ሜላኒን ምን እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። በላይኛው ሽፋን መሠረት ላይ የሚገኙት ሜላኖሳይት የተባሉ ሴሎች ሜላኒንን በጥቃቅን ከረጢቶች አድርገው በዙሪያቸው ላሉት ሴሎች ያድላሉ። ተቀባዩ ሴል ከረጢቶቹን እንዲሁ አይበትናቸውም፤ የዘር መረጃውን በያዘው ኒውክሊየሱ አናት ላይ በፀሐይ በኩል ይደረድራቸዋል፣ ልክ ጥላ እንደዘረጋ ሰው። ስለዚህ መጥቆር በሽታ ሳይሆን መከላከያ ነው። ችግሩ የሚመጣው ይህ ሥራ አንድ ቦታ ላይ ሲበዛ፣ ሌላ ቦታ ላይ ሲቋረጥ ወይም ምክንያቱ ካለፈ በኋላም ሳይቆም ሲቀር ነው። ቆዳን የሚያስቆጣ ማንኛውም ነገር፣ ሕክምናውም ጭምር፣ ይህንኑ መከላከያ ሊቀሰቅሰው መቻሉ የዚህ ዘርፍ ዋና ራስ ምታት ነው።

በአንድ ስም «ፊቴ ጠቆረ» የሚባለው ነገር ብዙ ዓይነት ነው። ጠቃጠቆ በውርስ የሚመጣ፣ ፀሐይ ሲበዛ የሚደምቅ፣ ሲቀንስ የሚደበዝዝ ነው። የፀሐይ ነጠብጣብ ግን በዕድሜ ፊት፣ የእጅ ጀርባና ትከሻ ላይ ይወጣል፤ ጠርዙ የለየ ነው፣ በራሱም አይጠፋም። ማዲያት ብዙውን ጊዜ በሴቶች ጉንጭ፣ ግንባርና ከላይኛው ከንፈር በላይ ግራና ቀኝ ተመጣጥኖ ይወጣል፤ ፀሐይና ሙቀት ያባብሱታል፣ እርግዝናና የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ይቀሰቅሱታል። ብጉር ወይም ቁስል ትቶት የሚሄደው ጥቁር ምልክት ደግሞ ከፀሐይ ባይጀምርም በፀሐይ ይጸናል። የሚነጣም አለ፤ ለረጅም ዓመት ፀሐይ ባገኘው ቅልጥምና ክንድ ላይ የሚወጡት ጤፍ የሚያህሉ ወይም ትንሽ የሚበልጡ ነጫጭ ነጠብጣቦች ጉዳት የላቸውም፣ ለሕክምናም እምብዛም አይመለሱም።

ከመታከም በፊት የሚነሣው ጥያቄ ቀለሙ የት እንዳለ ነው። በላይኛው ሽፋን ያለ ቀለም ቡናማ ይመስላል፤ ወደ ታች የሰረገ ግን ብርሃን ሲበተንበት ወደ አመዳምና ሰማያዊ ያደላል። ሐኪሞች ጨለማ ክፍል ውስጥ ዉድ የሚባለውን የአልትራቫዮሌት መብራት አብርተው ያዩታል፤ ላይ ያለው በመብራቱ ሥር ይጎላል፣ የታችኛው አይለወጥም። ዘዴው ቆዳው በጣም ጥቁር በሆነ ሰው ላይ ብዙ አይረዳም። ከጥልቀቱ በላይ የሚያሳስበው ግን ነጠብጣቡ ነጠብጣብ ላይሆን መቻሉ ነው። ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ነቀርሳ በፀሐይ በተጎዳ ፊት ላይ ለዓመታት ጠፍጣፋ ቡናማ ምልክት መስሎ ሊቆይ ይችላል። ቅርጹ የተዛባ፣ ቀለሙ የተደባለቀ ወይም እየሰፋ የሄደ ምልክት ተቆርጦ ሳይመረመር በሌዘር ከተመታ ላዩ ይጠፋል፣ ሥሩ ይቀራል። እንደ አሸዋ ወረቀት የሚሻክር፣ ተልጦ ተመልሶ የሚመጣ ቅርፊትም የውበት ጉዳይ አይደለም፤ ወደ ነቀርሳ ሊለወጥ ስለሚችል በብርድ ይቃጠላል ወይም መድኃኒት ይቀባል።

ሰዎች የፀሐይ መከላከያ ክሬምን ከሕክምና አይቆጥሩትም፤ እኔ ግን አንደኛ አደርገዋለሁ። አውስትራሊያ ውስጥ ናምቦር በምትባል ከተማ 903 ሰዎች ለአራት ዓመት ተኩል የተከታተለና ውጤቱ በ2013 የወጣ ጥናት ነበር። በየቀኑ እንዲቀቡ የታዘዙት ሰዎች ቆዳ፣ እንደፈለጉ እንዲቀቡ ከተተዉት ሲነጻጸር በ24 በመቶ ያነሰ እርጅና አሳይቷል። ክሬሙ ላይ የሚጻፈው ኤስፒኤፍ የሚለካው በዋናነት ዩቪቢን ነው፤ 30 ቁጥር 97 በመቶ ያህሉን፣ 50 ደግሞ 98 በመቶ ያህሉን ያግዳል። ይህ ልኬት በላቦራቶሪ የሚወሰደው በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲሜትር ቆዳ ላይ 2 ሚሊግራም ተቀብቶ ሲሆን፣ አብዛኛው ሰው ግን የዚያን ግማሽ እንኳ አይቀባም። ማዲያት ላለበት ሰው ተራው ክሬም አይበቃም። የሚታየውን ብርሃን የሚያግደው አይረን ኦክሳይድ የተጨመረበት፣ የቆዳ ቀለም ያለው ዓይነት ነው።

ከሚቀቡት መድኃኒቶች ብዙ የተባለለትም የተባለበትም ሃይድሮኪኖን ነው። የዚህ መድኃኒት ቤተሰብ ታሪክ የሚጀምረው ከቆዳ ፋብሪካ ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ የላስቲክ ጓንት ያደርጉ የነበሩ የቆዳ ፋብሪካ ሠራተኞች እጅ ጓንቱ በሸፈነው ልክ ነጣ። ሲጣራ ላስቲኩ እንዳይበላሽ የተጨመረ ሞኖቤንዞን የተባለ ኬሚካል ሆኖ ተገኘ። ሞኖቤንዞን ሜላኖሳይቶቹን ስለሚገድል የሚያነጣው ለዘለቄታው ነው፤ ዛሬም የሚውለው ለምጽ አብዛኛውን ገላ ሸፍኖት የቀረውን ቆዳ ማመሳሰል ለሚፈልግ ሰው ብቻ ነው። ዘመዱ ሃይድሮኪኖን ለስለስ ያለ ነው፤ ሜላኒን የሚሠራውን ታይሮሲኔዝ የተባለ ኢንዛይም ያግዳል። በተለመደው 4 በመቶ መጠን ለጥቂት ወራት ተቀብቶ ይቆማል። መቆሙ ነው ቁም ነገሩ። ሰዎች ለዓመታት፣ በከፍተኛ መጠን፣ ፀሐይ ላይ እየዋሉ ሲቀቡት ኦክሮኖሲስ የሚባል ነገር ይከተላል፦ ጉንጭና የጉንጭ አጥንት ላይ ጥላሸት የመሰለ፣ ሲዳሰስ የሚሻክር ሰማያዊ ጥቁረት። ያንን ያየ ሰው «ገና አልነጣም» ብሎ ይጨምርበታል፤ በጨመረ ቁጥር ይብስበታል። ከቆዳ ውስጥ ማውጣቱ እጅግ አስቸጋሪ ነው። በደቡብ አፍሪካ በ1975 ብዙ ታካሚዎች ላይ ታይቶ ተመዘገበ፤ አገሪቱም በ1990 በመዋቢያ ምርቶች ውስጥ እንዳይገባ ከለከለች። የአውሮፓ ኅብረት ከመዋቢያ ክሬሞች አስወጥቶታል፤ አሜሪካም ከ2020 ወዲህ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጥ አድርጋለች።

በዚያው 1975 አልበርት ክሊግማንና አይዛክ ዊሊስ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ሃይድሮኪኖንን ከትሬቲኖይንና ከስቴሮይድ ጋር ቀላቀሉት። ትሬቲኖይን የቫይታሚን ኤ ዘር ሲሆን ሴሎች ቶሎ እንዲተኩ ያደርጋል፤ ስቴሮይዱ የሁለቱን ማቃጠል ያበርዳል። ለማዲያት እስከ ዛሬ መመዘኛ ሆኖ የቀረው ይኸው የሦስትዮሽ ቅይጥ ነው። ትሬቲኖይን ለብቻውም ይሠራል። ኮላጅን እንዲታደስ ያግዛል፣ መስመሮችን ያለሰልሳል፣ ግን ወራት ይፈልጋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደግሞ ቆዳው ይቀላል፣ ይላጣል። ብዙ ሰው የሚተወው እዚህ ጋ ነው። እርጉዝ ሴት ሃይድሮኪኖንንም ትሬቲኖይንንም አትቀባም፤ ለእሷ ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው አዜላይክ አሲድ ነው። ኮጂክ አሲድ፣ ቫይታሚን ሲና ናያሲናማይድ ረጋ ብለው የሚሠሩ አጋዦች ናቸው።

በቅርብ ዓመታት የተነሣው ትራኔክሳሚክ አሲድ ነው። ጃፓናዊቷ ኡታኮ ኦካሞቶና ባለቤቷ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያገኙት ደም ለማቆም ነበር፤ በ1979 እዚያው ጃፓን ለሌላ የቆዳ ችግር ሲወስደው የነበረ ታካሚ ማዲያቱ እንደለቀቀው ተዘገበ። ዛሬ ለማዲያት በአነስተኛ መጠን፣ አብዛኛውን ጊዜ 250 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ፣ ለጥቂት ወራት ይዋጣል። ደም የመርጋት ታሪክ ያለው ሰው ግን አይነካውም።

በአሲድ መላጥ የዘርፉ አሮጌ ዘዴ ነው። ግላይኮሊክ አሲድ ሲቀባ ባለሙያው ሰዓት ይዞ ይቆማል፤ ቆዳው ሮዝ ሲል ወይም ደቂቃው ሲሞላ ገለልተኛ በሚያደርግ ፈሳሽ ያከሽፈዋል። ሳሊሲሊክ አሲድ ከብጉር ጋር ለሚመጣ ጥቁረት ይመረጣል። ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ ጠለቅ ይላል፤ ሲቀባ ፊቱ ላይ ውርጭ የወረደ ይመስል ይነጣል፣ ባለሙያውም ምን ያህል እንደገባ የሚያውቀው ከንጣቱ ጥግግት ነው። ፊኖል ከሁሉ ይጠልቃል፤ የልብ ምት ሊያዛባ ስለሚችል የልብ መከታተያ ተገጥሞ ነው የሚሠራው፣ ለጥቁር ቆዳም አይመከርም።

ሌዘር በ1960 ተሠራ፤ ለቆዳ ቀለም በትክክል የተገራው ግን በ1983 ሮክስ አንደርሰንና ጆን ፓሪሽ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ሐሳቡን ካቀረቡ በኋላ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሜላኒን የሚወደውን የብርሃን ቀለም መርጦ፣ ሙቀቱ ወደ ጎረቤት ሴል ከመሻገሩ በፊት በሚያልቅ ቅጽበት መምታት። ቅጽበቱ በናኖሰከንድ፣ በአዲሶቹ መሣሪያዎች ደግሞ ከዚያም ባጠረ በፒኮሰከንድ ይለካል። የእጅ ጀርባ ላይ ያለ የፀሐይ ነጠብጣብ ሲመታ በላስቲክ የተጠበጠበ ያህል ይሰማል፤ ወዲያው አመዳም ነጭ ይሆናል፣ በማግስቱ ይጠቁራል፣ በሳምንት አካባቢ ቅርፊቱ ተቀርፎ ይወድቃል። እንዲህ ላለው ነጠብጣብ ሌዘር ግሩም ነው።

ለማዲያት ግን አይደለም፤ ማስታወቂያዎች የማይናገሩት ይህንን ነው። ሌዘሩ ማዲያቱን ያቀለዋል፣ ከዚያ ከወራት በኋላ አንዳንዴ ከቀድሞው ጠቁሮ ይመለሳል፤ ሙቀቱና ቁጣው የሜላኖሳይቱን ሥራ ስለሚያነሣሣ። ቆዳው ጥቁር በሆነ ሰው ላይ ደግሞ ሌዘሩ ነጠብጣቡንና ጤነኛውን ቆዳ አይለይም፤ ለሁለቱም ዒላማው ሜላኒን ነው። ለዚህም ነው አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም ቶማስ ፊትዝፓትሪክ በ1975 የጀመረውና በኋላ ወደ ስድስት ያደገው የቆዳ ዓይነት ምደባ እያንዳንዱ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት የሚጠየቀው። ከሁሉ ለሚጠቁሩት፣ ለአምስተኛውና ለስድስተኛው ዓይነት 1064 ናኖሜትር ርዝመት ያለው፣ ሜላኒን እምብዛም የማይውጠው ብርሃን በዝቅተኛ ኃይል ይመረጣል፤ አይፒኤል የሚባለው የብርሃን ብልጭታ ግን በቀላሉ ያቃጥላል። ቆዳን በጥቃቅን መርፌዎች መውጋት ቀለም ስለማይለይ ለጥቁር ቆዳ ከብዙዎቹ የተሻለ ነው።

ከሐኪም ውጭ የሚሸጡ ቆዳ ማንጫዎች ሌላ ዓለም ናቸው። ሁለት ነገሮች በብዛት ይገኙባቸዋል። አንዱ ሜርኩሪ ነው፤ ኩላሊት ይጎዳል፣ ፎጣና ትራስ ላይ ተርፎ ለቤተሰብ ይደርሳል። በ2013 የጸደቀው፣ ሚናማታ የተባለው ዓለም አቀፍ የሜርኩሪ ስምምነት ሜርኩሪ የተጨመረበትን መዋቢያ ከልክሏል። ሁለተኛው እንደ ክሎቤታሶል ያለ ጠንካራ ስቴሮይድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊቱ ይፈካል፣ ብጉሩ ይጠፋል፣ የሚያየው ሁሉ ምን እንደተቀባ ይጠይቃል። ከወራት በኋላ ቆዳው ሳስቶ ቀጫጭን ቀይ የደም ሥሮች ይታዩበታል፣ ጉንጭ ላይ ፀጉር ይበቅላል፣ ክሬሙ የቀረ ዕለት ፊቱ ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ያሳክካል። ማቃጠሉን የሚያቆመው ያው ክሬም ስለሆነ ተቀቢው ይመለስበታል። እንዲህ ያለው ሰው ሐኪም ዘንድ ሲመጣ ቅድሚያ የሚሰጠው ለጥቁረቱ ሳይሆን ከክሬሙ ቀስ በቀስ ለመላቀቅ ነው።

የላይኛው ቆዳ ሙሉ በሙሉ የሚታደሰው በአንድ ወር አካባቢ ነው፤ በዕድሜ ጊዜው ይረዝማል። ስለዚህ የቅባት ሕክምና ውጤት ከሁለትና ከሦስት ወር በፊት አይገመገምም። ለውጡ አዝጋሚ ስለሆነ ታካሚው መነሻውን ይረሳል፤ «ምንም አልተለወጠም» ብሎ ሊያቆም ይመጣል። ጠንቃቃ ሐኪሞች በመጀመሪያው ቀን፣ ያለ ሜካፕ፣ በአንድ ቦታና በአንድ ብርሃን ፎቶ የሚያነሡት ለዚህ ነው፤ በሦስተኛው ወር ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ያሳያሉ።